ቁጥራቸውን ያብዛልን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ከአንድ አንጋፋ የሕክምና ተመራማሪ ጋር ማኪያቶ ለመጠጣት ታደልኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ውዳሴ እንደማይወዱ እሳቸው ራሳቸው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። ገና ወንበር ሳንይዝ ስልካቸውን አወጡ፤ መስታወቱን በክራቫታቸው ጫፍ ወለወሉና፣ አራስ ልጁን ለጠያቂ እንደሚያሳይ አባት በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ጎግል ስኮላር ነው። ስማቸው አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ጽሑፎቻቸው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚናገረው ቁጥር። ቃል አጣሁ።

ጉዱማሌ የቁጥርን ክብር የሚያውቅ ቦታ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚያሳውቁት፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበረው እዚሁ ነው። አያንቶዎቹ ግን ሌሊት ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አለባቸው፤ የእኛ ዶክተር ዳታ ማብራት ብቻ ይበቃቸዋል።

በምን አፌ ላመስግናቸው! ባለሙያ እናቶቻችን ከአንዲት ዶሮ 12 ብልት ሲያወጡ እናደንቃለን። እሳቸው ግን ነርሶች በጥድፊያ ከሞሉት ከአንድ ቀጭን መጠይቅ፣ የደም ግፊት ስርጭት ብለው አንድ ጽሑፍ፣ ተያያዥ ምክንያቶቹ ብለው ሌላ፣ በሴቶች ለብቻ፣ በወንዶች ለብቻ፣ ባገቡት ለብቻ፣ በፈቱት ለብቻ እያሉ፣ ብልቱ ሲያልቅ መረቁን፣ መረቁ ሲያልቅ የድስቱን እጣቢ ለየጆርናሉ ሲያቀርቡ ማየት፣ ብክነት ለማይችል ደሃ አገር ምንኛ በረከት ነው!

የክብራቸው ሚዛን ኤች ኢንዴክስ ይባላል፤ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያበረከቱት ነው። 20 ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ 20 ትባላለህ። በሽተኛው ዳነ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሚዛን ከወዴት ይገኛል? ዶክተራችንም ጥቅስን እንደ ዕቁብ አደራጅተውታል፤ አባላቱ በየተራ ይጠቅሳሉ፣ በየተራ ይጠቀሳሉ፣ ዳኛው እሳቸው ናቸው። ተራ ሲዘገይ ደግሞ ማንንም ሳያስቸግሩ ራሳቸውን ይጠቅሳሉ። ከእሳቸው በላይ ማን አንብቧቸው ያውቃል?

የጆርናሎቹንስ ደግነት ማን ይዘርዝረው! ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስሕተት የሞላበትን የፈጠራ የካንሰር ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ እንዳደረገው፣ 157ቱ እጃቸውን ዘርግተው ተቀብለውታል። እንግዳ ተቀባይነት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ላሪ የተባለ ድመት በ12 የይስሙላ ጽሑፎች ኤች ኢንዴክሱን 11 አድርሷል። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በእግር ብዛት ሳያዳላ ሁሉንም የሚያከብር ሥርዓት ይኸው።

የቀደሙት አልታደሉም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ወርደው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በቃ፣ ዕድሜያቸውን በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ፈጁት! እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ቢያገኙም፣ ያን የመሰለ እንዶድ በቅጠል ለብቻ፣ በፍሬ ለብቻ፣ በአረፋው ለብቻ የሚበልትላቸው ሰው አጠገባቸው አለመኖሩን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ከፊቴ ሐይቁ አለ። ልጆች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውሃው ዳር ይንቦጫረቃሉ።

«ዶክተር፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ ይባላል፤ ለእነዚህ ልጆች ማን ይንገራቸው?» አልኳቸው።

«ስለ እሱ ጽፌያለሁ» አሉ ጀርባቸውን ለሐይቁ እንደሰጡ፤ «አራት ጊዜ።»

ልቤ ዐረፈ። እሳቸውም ስልካቸውን በጣታቸው ወደ ታች ሳብ አድርገው አደሱት። ቁጥሩ በአንድ ጨምሯል። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ማን ጠቀሰዎት?»

«እኔ» አሉ፣ ዓይናቸውን በትሕትና ሰበር አድርገው።