ሆድ ይፍጀው ያሉ ፍቅረኞች

የልጅ ልጄ ፊልም አጠናለሁ ብላ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ድሮ ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ቃና ላይ የቱርኮቹን ድራማ ታያለች፣ እኔም እዚያው ሶፋ ላይ ተኝቼ አያለሁ፤ ሁላችንም ደስ ብሎን እናድር ነበር። አሁን ልጅቷ ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኝና «አባባ፣ ዛሬ የማሳይዎት ጨለም ያለ የፍቅር ፊልም ነው፤ ኢንዲፔንደንት ነው» ትለኛለች። ጨለማውንማ መብራት በጠፋ ቁጥር በነፃ እናየው የለም እንዴ?

ፊልሙ «ባፋሎ 66» ይባላል። ቪንሰንት ጋሎ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ነው። ድርሰቱን ከአንዲት ሴት ጋር ሆኖ ጻፈ፣ ራሱ ዳይሬክት አደረገ፣ ራሱ ዋናውን ሰው ሆኖ ተጫወተ፣ ሙዚቃውንም ራሱ ሠራ። ልጅቷ «ኢንዲፔንደንት ማለት እኮ ይሄ ነው» አለችኝ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ «ሰው አያምንም» ይባል ነበር። ወጪው ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነው ይላሉ፤ ለሆሊውድ የሻይ መጠጫ መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ ግን ለቀለም የወጣ ሳንቲም ያለ አይመስልም። ሰማዩ ግራጫ፣ በረዶው ግራጫ፣ ቤቱ ሁሉ ቡናማ። እንኳን ሰው ሊዋደድበት ልብስ የማይደርቅበት አገር!

ቢሊ ብራውን የሚባለው ሰውዬ አምስት ዓመት ታስሮ ይፈታል። ከእስር የወጣ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? እናቱ ዘንድ ይሮጣል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። እሱ ሽንት ቤት ይፈልጋል። የእስር ቤቱን በር አንኳኩቶ መልሳችሁ አስገቡኝ እስከማለት ደረሰ። አውቶቡስ ጣቢያ ሄደ፣ እዚያም አልቀናውም። ፕሮስቴት ላለበት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ፊልም ማሳየት ግፍ ነው። እሱ ገና ሲንከራተት እኔ ሄጄ ተመለስኩ።

እንዲህ ሲባዝን የዳንስ ትምህርት ቤት ይገባና ላይላ የምትባል፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ያገኛል። ክርስቲና ሪቺ ናት የምትጫወተው፤ ዓይኖቿ ብቻ ለሁለት ሰው ይበቃሉ። ለካስ ሰውዬው ለወላጆቹ «አግብቻለሁ፣ የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ዋሽቷቸው ኖሯል። ስለዚህ ሚስት ያስፈልገዋል። ልጅቷን ጎትቶ ወሰዳት።

እዚህ ላይ አቁሚው አልኩ። ይህ እኮ ጠለፋ ነው! እኛ አገር የድሮው ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ያንን ቀዳዳ ደፍኖ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት አስቀምጦለታል። ዘረሰናይ ብርሃነም «ድፍረት» ብሎ ፊልም ሠርቶበታል፤ እዚያ ላይ ጠላፊው ዓይን ዓይኑ እየታየ የሚታዘንለት ሰው አይደለም። ልጅቷ «አባባ፣ ይሄኛው የሚያሳየው የሰውዬውን ብቸኝነት ነው» አለች። ብቸኝነት ያለበት ሁሉ ሰው ከመንገድ ይለቅም? ደግሞ ጠላፊ ተብዬው የልጅቷን መኪና መንዳት አቃተው! ማኑዋል ነው፣ እኔ የለመድኩት ማርሹን ራሱ የሚቀይረውን ነው ይላል። እናም የተጠለፈችው ጠላፊዋን ነድታ ወሰደችው። ባለቤቴ ይህን ስታይ የሳቀችው ሳቅ፣ ቱርኮቹም ሰምተውት አያውቁም።

የወላጆቹ ቤት ያለው ነገር ግን አያስቅም። እናትየው የከተማዋ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የባፋሎ ቢልስ ዕብድ ናት። ቢሊን ልትወልድ ሄዳ የዋንጫው ጨዋታ እንዳመለጣት እሱ ፊት ትናገራለች፤ ባልወለድኩህ ኖሮ ዓይነት ነገር ነው። ልጇን ቸኮሌት እንደማይስማማው ረስታ ቸኮሌት ታቀርብለታለች፤ የድሮ ጨዋታዎችን ግን አንድ በአንድ ታውቃለች። ልጁንም የዚሁ ቡድን ነገር ነው ያሳሰረው። የሌለውን አሥር ሺህ ዶላር ለቢልስ አስይዞ ተበላ፤ ዕዳውን ለመክፈል ያልሠራውን ወንጀል አምኖ ገባ። ይህኛው ከእውነት የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ቢልስ በፍጻሜው 20 ለ 19 የተሸነፉት፣ መቺያቸው ስኮት ኖርዉድ ከ47 ያርድ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ስለወጣችበት ነው። ፊልሙ ላይ ስሙን ትንሽ ቀየር አድርገው፣ ቢሊ ሊገድለው ሽጉጥ ይዞ ይዞራል። ጨለማ ካላችሁ፣ እኔ ጨለማ የምለው የሽጉጡን ሳይሆን የእናትየውን ማዕድ ነው። ምራት መጥታላቸው «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» የሚል ጠፋ። ላይላ ራሷ ሲአይኤ ቤት ታይፒስት ነበርኩ ብላ የቅጥፈት ዘር ማንዘር ቆጠረችላቸው።

ዋናው ንዴቴ የመጣው ፎቶው ላይ ነው። ሳንቲም ሲገባበት ራሱ የሚያነሣ ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ ልጅቷ ምላሷን ስታወጣ፣ ጠጋ ስትለው፣ ሰውዬው ተቆጣ። እኛ የማንነካካ ጥንዶች ነን አላት። የልጅ ልጄ ፊልሙን አቁማ ሌክቸር ጀመረች፤ በልጅነቱ ፍቅር ስላላገኘ ስሜቱን አጥሮ፣ መቀራረብ ፈርቶ…

ቀና ብዬ ግድግዳችን ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ አየሁት። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ክራባት አንቆኝ ቆሜ፤ በመሃላችን አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች። ፎቶ አንሺው «ጠጋ በሉ እንጂ» ሲል ጉሮሮዬን ጠረግሁ እንጂ አልተጠጋሁም። እንዴት ብዬ? አማቴ ቆመው እያዩ! ይህ ሕመም ከሆነ ሰፈራችን በሙሉ ሆስፒታል ነበረ፤ ያኔ ማንም ካሜራ ይዞ አልመጣም። አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። እሷ ጉንፋን ሲይዛት ግን ገበያ ወርዶ ሎሚ የሚገዛው ራሱ ነበር። ለምን አመጣህ ሲባል፣ «ርካሽ ሆኖ አገኘሁት» ይላል።

ባለቤቴ ቡናውን እየቀዳች «ይሄ ልጅ ሰው ይመስለኛል» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

አንድ ነገር ግን አልክድም። የቢሊ አባት ሆኖ የሚጫወተው ቤን ጋዛራ ነው። ያ ልቡ የደረቀ ሽማግሌ ድሮ ዘፋኝ ነበርኩ ይልና ላይላን ብቻዋን ወስዶ ይዘፍንላታል። ሰውዬው አፉን ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ድምፁ የራሱ የጋሎ አባት የዘፈኑት ነው። እንግዲህ እዩት፤ ፊልሙ ላይ አባትን እንደዚያ ቀፎ አድርጎ አሳይቶ ሲያበቃ የገዛ አባቱን ድምፅ ግን መሃሉ ሸጎጠላቸው። ፊት ለፊት «አባዬ፣ ድምፅዎ ደስ ይለኛል» ቢል ምን ነበረበት? አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ይተርፍ ነበር። የልጅ ልጄን ይህን ድጋሚ አሳዪኝ አልኳት፤ ለማጣራት ነው።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው መግደሉን ትቶ ሊሄድ ይችላል፣ ላይሄድም ይችላል፤ ማየት ለምትፈልጉ አላበላሽባችሁም። ትኩስ ቸኮሌትና የልብ ቅርጽ ያለው ብስኩት እንዳለበት ብቻ ልንገራችሁ። ሠርግ የለ፣ ሽማግሌ የተላከ የለ፣ ጥሎሽ የለ። እሱ እናቱ ዘንድ ስልክ ደውሏል፤ የልጅቷስ ወላጆች? ከዳንስ ትምህርት ቤት ያልተመለሰች ልጃቸውን የት ገባች እያሉ እስካሁን ይፈልጓት ይሆናል። አንድም ሰው አልደወለላቸውም! ይህን ስናገር የልጅ ልጄ ደብተሯን አወጣችና «አባባ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ሂስ ነው፤ ለክፍል ሥራዬ ልጻፈው?» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት። የሎሚውን ነገርና ስሜን ግን እንዳታነሺ።