ሳያዩ መግዛት፦ ስላገለገለ ስፖርት መኪና በግሸን አምባ ማስረጃነት የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

በሐይቅ ገበያ በቅሎ የሚገዛ የአምባሰል ገበሬ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ሳያይ፣ እግሯን አንሥቶ ኮቴዋን ሳይመረምር፣ ወዲያና ወዲህ ሳያስኬዳት ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ፣ አዲስ አበባ የቆመች ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ማታ በስልኩ ያያል፤ ጧት ቀብድ ይልካል። አባትና ልጅ ከአንድ መሶብ በልተው ያደሩ ናቸው። ልዩነቱ ትምህርት ማጣት ነው እንዳይባል የተማረው ልጁ ነው። ገንዘብ መትረፍ ነው እንዳይባል ግማሹ ብድር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ጥናት ይሻል።

የጥናቱ ወሰን

በዚህ ጥናት ስፖርት መኪና የምንለው ሁለት በር ያላትን፣ ሆዷ ከመሬት ስንዝር የማይርቀውን፣ የኋላ ወንበሯ ከጃኬት በቀር ምንም የማይቀመጥበትንና ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ ሰፈር የሚገባውን ነው። ያገለገለች የምንለው ማንን፣ የትና እንዴት እንዳገለገለች ገዢው የማያውቀውን ነው። በፎቶ መመልከት ለዚህ ጥናት ሲባል እንደ ማየት አልተቆጠረም፤ ፎቶ አንሺው የሚቆመው ሁልጊዜ ባልተገጨው ወገን ነውና።

የጥናቱ ቦታ ግሸን ነው። ግሸን ማርያም በመስቀለኛ አምባዋና በግማደ መስቀሉ ትታወቃለች፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፉባታል። እዚህ የምናነሣው ግን ሌላውን ታሪኳን ነው። ግሸን ሳትታይ ከተወራላቸው የዓለም ቦታዎች ግንባር ቀደሟ ናት። ጎረቤቷ ውጫሌም የታወቀ የውል ታሪክ አላት፤ ያ ውል የመኪና ስላልነበረ ታልፏል።

ማስታወቂያና ምርመራ

በመካከለኛው ዘመን ዙፋን ሊወርሱ የሚችሉ የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች በዚህ አምባ ላይ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከነባልደረቦቹ ሳያውቅ ወደዚያ ቢጠጋ በድንጋይ ተቀበሉት። ዕቃውን ቀረብ ብሎ ለማየት የሞከረ ገዢ የሚገጥመው አቀባበል ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም።

በ1610 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ቫሌንሲያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። አገሪቱን ረግጦ አያውቅም። ያወራለት አንድ ሰው ነበረው፤ ዛሬ ቢሆን ደላላ እንለው ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አምባው በቤተ መንግሥትና ስፍር ቁጥር በሌላቸው መጻሕፍት የተሞላ ገነት ሆኖ ቀረበ። በመኪና ተራ ቋንቋ፦ ፉል ኦፕሽን፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ገብቶ መንዳት ብቻ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖር የነበረው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ የኡሬታን ትረካ አንድ በአንድ እያነሣ የሚያፈርስ መጽሐፍ ጽፎ በ1622 እ.ኤ.አ. አረፈ። ፓኤዝ በዚህ ጉዳይ መካኒኩ ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ያየው እሱ ነው። የሁለቱ መጻሕፍት ዕጣ ግን ለጥናታችን ዋና ማስረጃ ነው። የኡሬታ ወሬ በእንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ በኩል ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1667 እ.ኤ.አ. ጆን ሚልተን በታላቁ ግጥሙ ይህንኑ አምባ የአማራ ተራራ ብሎ ከገነት ጋር የሚነጻጸር ቦታ አድርጎ አነሣው፤ በ1759 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ጆንሰን ራስላስ የተባለ ልዑል ፈጥሮ በአማራ ሸለቆ ውስጥ በምቾት አሰረው። የፓኤዝ መጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ማስታወቂያው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመካኒኩ ሪፖርት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የመጀመሪያው ግኝት ይህ ነው፦ ምርመራ ሁልጊዜ ይደረጋል፤ የሚደርሰው ግን ከክፍያ በኋላ ነው።

ጥቂት የተነዳ ስለመሆን

የመኪና ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የኪሎ ሜትር ማነስን ነው። «ቆማ ነው የኖረችው፤ ባለቤቷ ውጭ ነበር» ይላል። ግሸን በዚህ ረገድ ሰፊ ልምድ አላት። በአምባው የተቀመጡት መሳፍንት ከግቢ ሳይወጡ፣ ፀሐይና አቧራ ሳይነካቸው፣ እንደ ዘበኞቻቸው ቃል በጥሩ ይዞታ የኖሩ ነበሩ። ዙፋን ባዶ ሲሆን መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ያስወርዱ ነበር፤ የመንዳት ሙከራ የሚባል አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ ከዚህ አምባ ወርዶ በ1434 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ 34 ዓመትም በብርቱ ክንድ ገዛ። የመረጡት መኳንንት ክንዱን የለኩት ከነገሠ በኋላ ነው።

በመኪና ዘንድ ያለው ማስረጃ እንዲህ የሚያኮራ አይደለም። ለዓመታት የቆመች ስፖርት መኪና ጎማዋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ባትሪዋ ይሞታል፤ የፍሬን ዘይቷ እርጥበት ይጠጣል፤ ጎሚኒዎቿ ጠንክረው ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ነዳጇ ታንከሯ ውስጥ ይበላሻል። መሳፍንቱን የጠበቃቸው ጋራዥ መኪናን አይጠብቅም። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በተመለከተ ደግሞ፣ ወደ ኋላ መመለሱ በመካኒኮች ዘንድ እንደ ሙያ የማይቆጠር ቀላል ሥራ መሆኑን መግለጽ ይበቃል።

ስለ ቀድሞ ባለቤቶች

የሽያጭ ማስታወቂያዎችን በጥሞና ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚነዱት ሦስት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ቀስ ብላ የምትነዳ ሴት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ የሚመላለስ ዶክተር፣ እና በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ውጭ የሚበር ሰው። ቀለበት መንገድ ላይ ሲጋጩና ሲሰዳደቡ የምናያቸው ሌሎች ናቸው። የእነዚያ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ግን እስካሁን አልተመዘገበም።

ስፖርት መኪናን የሚመለከተው እንቆቅልሽ ከዚህ ይነሣል። ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት ያላትን መኪና የገዛ ሰው ቀስ ብሎ ለመንዳት ነው የገዛት ማለት ነው። ጥናቱ ይህን አባባል አልተቃወመም፤ ፍሪሲዮኑ ግን ይቃወመዋል።

ተዋንያኑ

ሳያዩ መግዛት ቢያንስ አራት ሰው ይጠይቃል። ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩ መሐላውን፣ ደላላው ጥድፊያውን ያመጣል። «ሌላ ሰው ብር ይዞ መንገድ ላይ ነው» የሚለው ቃል ከደላላው ዘንድ ይወጣል፤ ይህ ሌላ ሰው ደርሶ ያየው የለም፣ ሁልጊዜም መንገድ ላይ ነው።

አራተኛው የአጎት ልጅ ነው። ሥራው መኪናዋን በገዢው ዓይን ማየት ነው። ችግሩ ዓይኑ የራሱ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ምልልስ የተለመደ ነው፦

«እንዴት ናት?»

«ኧረ ወላሂ፣ እንደ ብርጭቆ ታበራለች!»

«ሞተሩስ?»

«ድምፁ ሰፈሩን ያናውጠዋል።»

«ደግ ነው ወይስ ክፉ?»

«እኔ እንጃ ወንድም ጋሼ፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አያት።»

የአጎት ልጅ መካኒክ ይዞ እንዲሄድ ሲጠየቅ ይሄዳል፤ መካኒኩን የሚያመጣለት ግን ደላላው ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ የኡሬታን ወሬ ነጋሪ ሊያስታውስ ይችላል።

ስለ መሐላም ጥቂት እንበል። ወሎ ውስጥ «ግሸን ማርያምን፣ አንድ ነገር የለባትም» ብሎ የማለ ሻጭ ከባድ ቃል አውጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሐላን ከዋስትና አይቆጥርም፤ ይልቁንም ሻጩ ለዕቃው ጉድለት እንደሚጠየቅ፣ ገዢውም ዕቃውን በተረከበ ጊዜ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የሩቅ ገዢ መኪናዋን የሚመረምረው ለእረፍት ሲመጣ ነው። እስከዚያ የአጎት ልጅ ሰርግ ሸኝቶባታል።

የሕግና የታክስ ከባቢ

በኢትዮጵያ ያገለገለ ዕቃ ሁልጊዜ እንደ እርጅናው አይረክስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። አገር ውስጥ ያለችው ቤንዚን ጠጪ ስፖርት መኪና በዚህ ምክንያት ሳትንቀሳቀስ ወደ ቅርስነት ተሸጋገረች። ሻጭ ዛሬ ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ ስለ አዋጁ ይመልሳል፦ «ከዚህ በኋላ አትገኝም!» እውነቱን ነው። መለዋወጫዋም አትገኝም።

ሰነድን በሚመለከት የሩቅ ገዢ መንገድ የታወቀ ነው። ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፤ ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ደርሶ ሽያጩ ይፈረማል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር መግጠሙ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ የሚጣራው በዚህ ሂደት ውስጥ ነው። መንግሥት መኪናዋ ማን እንደሆነች ያረጋግጣል፤ ምን እንደሆነች ማረጋገጥ የገዢው ፈንታ ነው። ቦሎ ተለጥፏል ማለትም በዓመታዊ ምርመራው ቀን ፍሬኗ ይዟል፣ መብራቷ በርቷል ማለት ነው። የተገጨው በሯ በምን ያህል ስቱኮ እንደተሞላ ቦሎ አይናገርም። በማግኔት ቦዲውን መዳሰስ ይናገራል፤ ማግኔት ስቱኮ ላይ አይይዝም። ከጃፓን ተነሥታ በዱባይ በኩል የመጣች ከሆነችም መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መሆን አለመሆኑን ዳሽቦርዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይናገራል። ሁለቱም በቪዲዮ አይሠሩም።

የመስክ ፍተሻ

ጥናቱ በታሪክ ውስጥ የሚመሰገን የሩቅ ርክክብ ፈልጎ አንድ አግኝቷል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ አይተውት የማያውቁትን መኪና እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ መንገድ በሌለበት አገር እየነዳ አዲስ አበባ አስገባላቸው። ንጉሡ ፎቶ አልተላከላቸውም፤ ደላላም አልደወለላቸውም። መኪናውን ያመጣው ሰው ራሱ እያንዳንዱን ድንጋይ ከመኪናው ጋር ቀምሶ ነው የደረሰው። ጉድለት ቢኖር መጀመሪያ የሚያውቀው አምጪው ነበር።

የዚህ ዘመን አቻው መንገድ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማበር ላይ ሞተሩ በቀጭን አየር ይፈተናል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይፈተናል፤ ቆላው ላይ ራዲያተሩ፣ ሐረጎ አቀበት ላይ ፍሪሲዮኑ ይፈተናል። ከሐይቅ አልፎ ውጫሌ ከደረሱ በኋላ ወደ ግሸን የሚታጠፈው ጠመዝማዛ ዳገት ከስንዝር በታች ያለውን ሆድ ይፈትናል። በመስከረም አይሱዙና ላንድክሩዘር የሚንገዳገዱበት መንገድ ነው። የመጨረሻውን አቀበት ምእመናኑ በእግራቸው ይወጡታል፤ በዚህ ላይ አንድም መኪና አልተወቀሰም።

ድምዳሜና ምክረ ሐሳብ

ሳይታይ የተገዛ መኪና ዋጋው የብረቱ አይደለም፤ አየሁልህ ያለው ሰው ቃል ዋጋ ነው። ይህ ቃል ከሻጩ፣ ከደላላውና ደላላው ካመጣው መካኒክ ሲመጣ ሦስት ምስክር ይመስላል፤ አንድ ነው። ስለዚህ መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ገንዘቡንም ራሳችሁ ክፈሉት፤ የጉድለቱን ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። የአጎት ልጅን ለምስክርነት ሳይሆን ለውክልና ተጠቀሙበት። ቀብድ ያለ ውል አትላኩ፤ ውሉም ላይ የሻሲ ቁጥሩ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ቢያቅት ግን አንድ ፍተሻ በቂ ነው። ሻጩ መኪናዋን ራሱ ነድቶ፣ በራሱ ቤንዚን፣ ግሸን መታጠፊያ ድረስ እንዲያመጣት ጠይቁት። ከመጣ ግዟት። ስልኩን ከዘጋ ምርመራው ተጠናቋል፤ ገንዘባችሁም እጃችሁ ላይ ነው።