«ጨዋታ ነው እኮ!»

ለስታዲየም ስድብ አንድ የታወቀ መከላከያ አለ፤ «ጨዋታ ነው እኮ!» ይባላል። የመስመር ዳኛው እናት ከነዘር ማንዘሯ ስትነሳ ጨዋታ ነው። የተጋጣሚው አጥቂ የተወለደበት አገር እየተጠራ ሲንቋሸሽም ጨዋታ ነው። ያው ተሳዳቢ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ ሄዶ ተመሳሳዩን ሲቀምስ ግን ጨዋታው ያበቃል። «ማንነታችን ተነካ» ብሎ አቤቱታ ያስገባል፤ ፌዴሬሽኑ ለምን ዝም አለ ብሎ ይቆጣል። ከእሱ አፍ ሲወጣ ቀልድ የነበረው ወደ እሱ ጆሮ ሲገባ ጥቃት ሆኗል።

ተረብ ጠልቼ አይደለም። ተረብ የሌለበት ደርቢ ቢጋብዙኝም አልሄድም። የአዲስ አበባ ስታዲየም እንደሆነ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ እያለ መቀመጫውን ሳይቀር የተረበ ቦታ ነው። አስጨፋሪው ከበሮ አስመትቶ፣ በሰርግ ዘፈን ዜማ ላይ የዕለቱን ጉዳይ ሰክቶ ሲያወርደው፣ ሕዝቡም ገና አንዴ ሰምቶት ሲቀበለው ማየት ከኳሱ የሚበልጥበት ቀን አለ። (ከኳሱ መብለጥ ከባድ ነው አላልኩም።)

ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ ሲገናኙ የሚባባሉትን ስሙ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ስለሆነ ደጋፊው ዋንጫ መቁጠር ይወዳል። ኢትዮጵያ ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. ካነሳ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሳይደግመው በመቆየቱ፣ ይህን ዓመተ ምሕረት ከቡና ደጋፊ ይልቅ የጊዮርጊሱ አጥብቆ ያስታውሰዋል። የቡናው በበኩሉ «በ1990 አል አህሊን ከአፍሪካ ውድድር ያስወጣው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ያልተወለደው ልጅ እንኳ ግቡን በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ይተርክላችኋል። ይህ ሁሉ ያበሽቃል፣ እራት ይዘጋል፣ ሰኞ ቢሮ ድረስ ተከትሎ ይመጣል። ነገር ግን የሚበሻሸቁት ሜዳ ላይ በሆነ ነገር ነው። የተበሸቀው በሚቀጥለው ዓመት አሸንፎ ይመልሰዋል። የተወለደበትን ቀበሌ ግን በምን አሸንፎ ይመልሰው? እናት እንደሆነች ተቀይራ አትወጣ!

እዚህ ላይ «ልዩነቱ ስስ ነው» የሚል ፈላስፋ ደጋፊ አይጠፋም። እኔ ስስነቱ አይታየኝም። ያ ፈላስፋ ራሱ ልጁን አስከትሎ ስታዲየም በገባ ቀን የትኛውን ጭፈራ አብሮ እንደሚያስጨበጭብ፣ የትኛው ሲጀመር ደግሞ «ና ውኃ እንግዛ» ብሎ ልጁን ይዞ እንደሚወጣ አሳምሮ ያውቃል።

ስድቡ ከእናት አልፎ ብሔር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቀልዱም ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. ወልድያና መቀሌ ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ በተነሳው ግጭት ሳይካሄድ ቀርቷል። በዚያን ሰሞን ከተጫዋቾቹ አሰላለፍ ይልቅ የደጋፊዎቹ አመጣጥ ያሳስብ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ የሚያስቅ ነገር የለውም።

የሚያስቀው ቅጣቱ ነው። ደጋፊ ሲሳደብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ ክለቡን በብር ይቀጣል። አብዛኛው ክለባችን የሚተዳደረው ደግሞ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። እንግዲህ አንዱ ጎረምሳ የዳኛውን እናት አንስቶ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ሒሳቡን ኳስ አይታ የማታውቅ ጉሊት ነጋዴ ከግብሯ ላይ ትከፍላለች። ጎረምሳውን ብትጠይቁት «እኔ ምን አደረግሁ? ሕዝቡ ነው» ይላችኋል።

እንግሊዞችም በዚህች «ሕዝቡ ነው» በምትባል ነገር ተቸግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ዘረኛና ጸያፍ የስታዲየም ጭፈራን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ሲያወጡ፣ ጭፈራ ማለት ቢያንስ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ሆኖ የሚባል ነው ብለው ጻፉ። ብቻውን ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የተሳደበው ሰው እንግዲህ ተባባሪ ስላላገኘ በዚህ ሕግ አይያዝም ማለት ነው። በ1999 አሻሻሉትና አንድ ሰውም ይበቃል ተባለ። ስምንት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ይሁንና ሁሉም ሰው ለመሳደብ ብሎ አይሳደብም። አወድሳለሁ ብሎ የሚያዋርድም አለ፤ እሱን ማስረዳት ደግሞ የባሰ አበሳ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ለደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ ጂ ሱንግ ያወጡለት ዘፈን ነበራቸው፤ የአገሩ ሰው ውሻ ይበላል የሚል ስንኝ አለበት። በፍቅር ነው የሚዘፍኑለት! ፓርክ ወጣት እያለ ዘፈን ስለወጣለት ብቻ ኮርቶ ነበር፤ ስንኙ ቢቆረቁረውም አዲስ አገር የመልመድ ዕዳ ነው ብሎ ቻለው። ጫማ ከሰቀለ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ እባካችሁ ተዉት ብሎ ለመነ። ለዚያው ክለብ አጥቂ ለሮሜሉ ሉካኩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣለት ደግሞ የጥቁር ወንድን ገላ የሚመለከት የቆየ ተረት ላይ የተገጠመ «ምስጋና» ነበር። በእግር ኳስ ዘረኝነትን የሚታገል ድርጅት አወገዘው፤ ሉካኩ ራሱም ይህ ነገር ይለፈን አለ። ደጋፊው ታዲያ እንዳሻው እንደሚዘፍን የሚያሳውቅ ሌላ ዘፈን አውጥቶ መለሰለት። ስሙን እየጠሩ የሚያዜሙለት ሰው በቃኝ ሲላቸው ከሱ ይልቅ ዘፈኑን የመረጡ ሰዎች ናቸው።

ሩቅ አገር ነው ብለን እንዳንጽናና እኛም ከውጭ ማልያ ብቻ አላስመጣንም። ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሊቨርፑልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሲጫወቱ፣ አንድ የሊቨርፑል ማልያ የለበሰ ወጣት ጎሉ እንደገባ ወንበር ላይ ወጥቶ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘረጋና ግራና ቀኝ እየተዘነበለ ይንሳፈፍ ጀመር። አጠገቡ ሱፍ የሚቆረጥሙ ጎልማሳ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ምን መሆንህ ነው?»

«አውሮፕላን ነዋ ጋሼ! ማንቼዎችን ያበሽቃል።»

«ለምን ያበሽቃቸዋል?»

«እሱን እንኳ እኔ እንጃ፤ ቲክቶክ ላይ ነው ያየሁት።»

ጋሼ አስረዱት። እ.ኤ.አ. የካቲት 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን የያዘ አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ሊነሳ ሲል ተከስክሶ 23 ሰው እንደሞተ፣ ስምንቱ ተጫዋቾች እንደነበሩ ነገሩት። ልጁ እጁን አጠፈ፤ ግን አልተሸነፈም፤ «እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» አለ። ይህ የሚሆነው በ2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀ አውሮፕላን 157 ሰው በጨረሰባት አገር ነው። አንድ የውጭ አገር ደጋፊ ያንን አንስቶ ክንፍ ቢሠራብን ልጁ ኤምባሲ በር ላይ ሰልፍ ይወጣ ነበር፤ እኔም አብሬው እወጣለሁ።

ነገሩ በዚህ ባበቃ። ከወዲያ ጥግ አንድ የማንቼ ማልያ ለባሽ ተነስቶ «የናንተዎቹን 97ቱን ምነው ረሳችኋቸው?» ብሎ መለሰለት። ይሄኛው እንኳን የሚለውን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም ኳስ ሊያዩ ሄደው በመጨናነቅ ያለቁትን የሊቨርፑል ደጋፊዎች ነው። ለዓመታት ጥፋተኞቹ ራሳቸው ናቸው ሲባሉ ኖረው፣ ጥፋቱ የነሱ እንዳልሆነ በፍርድ ቤት የተረጋገጠላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች፣ አንዳቸውም ማንቸስተርንም ሊቨርፑልንም ሳያዩ፣ የሰው አገር ሬሳ እየተወራወሩ ማኪያቷቸው ቀዘቀዘ።

እንግሊዝ አገር ይህ አሁን ያስከስሳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ የተገኘ አንድ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ፣ ማልያው ጀርባ ላይ 97 ቁጥርን አሳትሞ፣ በስም ቦታ «አይበቃም» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ አስጽፎ መጣ። ገንዘብ ከፍሎ፣ ሆሄ አስቆጥሮ ያሠራው ነውና በስሜት ነው የሚያሰኝ ሰበብ እንኳ የለውም። ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ 1,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ለ4 ዓመት ስታዲየም እንዳይረግጥ ታገደ። ያን ቀን ዩናይትድ የተጫወተው ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ግብ ገባበት፣ 2 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ሊቨርፑል ጨዋታ አልነበረውም።