ኮማንደር እንዴት አደረ?

የውሻ ባለቤቶች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት ያለፉ ይመስለኛል። ነቀምቴ ይሁን ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ይሁን ሻምቡ፣ በራቸው ላይ ቆመህ ውሻው ጥርሱን አግጥጦ ሲንደረደርብህ የሚሉህ አንድ ነው፤ «አይዞህ፣ አይናከስም!» በኦሮምኛ ሲሆን «ሂንሶዳቲን» የምትል ማባበያ ትታከልበታለች። ችግሩ፣ ይህ የሚነገረው ለእንግዳው እንጂ ለውሻው አለመሆኑ ነው። ውሻው ምንም ስላልተነገረው መጥቶ ይነክስሃል። ያኔ ሁለተኛው ቃል ይከተላል፤ «ውይ! እስከ ዛሬ ማንንም ነክሶ አያውቅም እኮ!» የመጀመሪያው የመሆን ዕድል ደርሶሃልና ደስ ሊልህ ይገባል። ደስ ካላለህ ሦስተኛው አለ፤ «ምን አድርገኸው ነው?» እዚህ ላይ ከሳሽነትህ አብቅቶ ተከሳሽ ትሆናለህ።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ ከጎረቤቴ አጥር ሥር ነው። ጎረቤቴን ኦቦ እገሌ እንበላቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ድምፃቸው ከሳሎናቸው የማያልፍ ሰው ናቸው። የቤቱን ድምፅ ጠቅልሎ የወሰደው ውሻቸው ነው። ስሙ ኮማንደር ይባላል። ቀይ ዳማ ነው፤ የቀኝ ጆሮውን ግማሽ ጅብ ወስዶበት በቀረችው ግማሽ ሰፈሩን ያዳምጣል። ሰው ይጠላል ብዬ ስሙን አላጠፋም፤ የሚጠላው ጃንጥላ ነው። ወለጋ ውስጥ ጃንጥላ የሚጠላ ውሻ ማለት ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ሰው የሚጠላ ውሻ ማለት ነው።

የቤቴ ሰው ሁሉ ኑሮውን ለኮማንደር ሲል አስተካክሏል። ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጓሮ፣ የሰው ጎመን እየረገጡ ነው። ባለቤቴ ወደ ገበያ ስትወርድ ዘንቢሏን የምታንጠለጥለው ባቷን እንዲጋርድላት ነው። እኔም ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ሌላው ሰው በእግሩ ለሚጨርሳት መንገድ ባጃጅ እኮናተራለሁ። ሾፌሩ መጀመሪያ ይስቅብኛል፤ ኮማንደር የኋላ ጎማውን ሲይዝበት ሒሳብ ይጨምራል።

«ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?» ትሉ ይሆናል። ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም ሲባል አልሰማችሁም? በእኛ ሰፈር ይህ ከመመሪያ በላይ ነው። ስለ ኮማንደር አፍ መክፈት ኦቦ እገሌን መድፈር ይሆናል። ደግሞስ የዕድር ዳኛን አስቀይሞ በየትኛው ድንኳን ሊለቀስ ነው? በዚያ ላይ ሰፈራችን ሌሊት ጅብ ይመላለስበታል፤ በግ ያለው ሁሉ ለኮማንደር ጠበቃ ነው። እንዲህ እየተከባበርን ስንኖር መንገዱ የኮማንደር ሆነ።

ክብሩን ያፈረሰው የባለቤቴ ወንድም ነው። ከጊምቢ መጣ። ቡና ነጋዴ ነው፤ ሲያወራ ሁሉን ያውቃል። ውሻ ዓይኑን ትክ ብለው ካዩት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል የሚል ሳይንስ አለው። ልጆቹን የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አሳያችኋለሁ ብሎ፣ በጓሮ ሳይሆን በፊት በር አስከትሏቸው ወጣ። ኮማንደርን ትክ ብሎ አየው። ኮማንደርም ትክ ብሎ አየው። ልጆቹ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው አጎታቸው ነው። ከዚያ የግራ ባቱን ተያዘ።

ወዲያው ግቢያችን የሐኪም ጉባኤ ሆነ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጥ አለ። አንዷ የውሻውን ጸጉር አቃጥለን እንነስንስበት አለች፤ ጸጉሩን ማን እንደሚነቅልላት ግን አልተናገረችም። ነገሩን የያዘችው አንዲት የነርስነት ተማሪ ናት። «ሳሙናና የሚፈስ ውኃ!» አለችና ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠበችው። ከዚያም ሐኪም ቤት። ይህን እዚህ ላይ ሳልቀልድ ልናገር፦ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን እጥበቱና ክትባቱ ያድናሉ። አገራችን በሽታውን ከጥንት ታውቀዋለች፤ በ1895 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስጨነቀ ወረርሽኝ ነበር። ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት ከበግ አንጎል የተሠራውን፣ በሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን ክትባት ነው። የዛሬው ክንድ ላይ ይሰጣል፤ ተጀምሮ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይደገማል።

ሐኪሙ መርፌውን ከጨረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ውሻው የት ነው?»

«ዛሬ ማታ አይኖርም» አለ አማቼ፣ ሱሪውን እየሰበሰበ።

«እንዳትነኩት! ታስሮ 10 ቀን ይታይ። እነዚህን ቀናት ጤነኛ ሆኖ ካለፈ፣ ሲነክስህ በሽታውን አላስተላለፈብህም ማለት ነው። ክትባቱን ግን እየጠበቅህ አታቋርጥ።»

ይህን ዓይነት የዕጣ መገላበጥ አይቼ አላውቅም። ስንት ዘመን የኮማንደርን ሞት በልባችን ስንመኝ የኖርን ሰዎች፣ በአንድ ቀን ዕድሜውን የምንለምን ሆንን። አማቼ ገና ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ ተጎንብሶ «ኮማንደር እንዴት አደረ?» ይላል። «እህል ቀመሰ? ውኃ ጠጣ?» ኮማንደር ካስነጠሰ ቡና ሳይጠጣ ይውላል። ከሥጋ ቤት አጥንት እየገዛ በአጥር ሲያቀብለው ባለቤቴ አይታ፣ «የነከሰህን ነው የምትቀልበው?» ብትለው፣ «እሱ ከቆመ ነው እኔ የምቆመው» አላት።

እኔ ደግሞ ጉዳዩን ላስመዝግብ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

«ማን ነው የነከሰው?» አለ መዝጋቢው።

«ኮማንደር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የትኛው ኮማንደር?»

«የጎረቤቴ። አሁን ታስሯል።»

«ኮማንደሩ ታስሯል?»

«አዎ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ይፈቱታል።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው ሰው የሚነክሰው?» ሲለኝ፣ «ጃንጥላ አይወድም» አልኩት። ጉዳዩ ስለ ውሻ መሆኑን እስክንግባባ ድረስ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ነበር።

ከአንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋስኩ። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ያወጁት ጃንሆይ ደግሞ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ ሕጉ ለውሻ ያደላ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር። አላደላም። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። «እስከ ዛሬ ነክሶ አያውቅም» የሚባለው ቃል በዚህች አንቀጽ ተቀበረ። 2072 ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ የሚጠብቀውን ሰው በጥበቃው ጊዜ ኃላፊ ያደርጋል፤ ለፋሲካ አገር ቤት ሲኬድ «ውሻውን አደራ» የምትባሉ ሰዎች አስቡበት። በ2091 መሠረት ካሳው ከጉዳቱ እኩል ነው፤ የሕክምናው ወጪም ሱሪውም ይገባል፣ ደረሰኙ ከተያዘ። ክሱ በ2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጮኸውም 1225 አለ፤ ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸት እንዳያደርስ ይከለክላል።

ለድንጋጤውስ? የሕሊና ጉዳት ካሳ በ2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ያለው ሰው ደንግጦም ይከብር ነበር። ዛሬ ነቀምቴ ገበያ 1000 ብር ይዞ ለጋ ቅቤ ፊት መቆም ራሱ ድንጋጤ ነው።

እንዲህ ታጥቄ ሳለ ነው ኦቦ እገሌም የታጠቁ መሆናቸውን የሰማሁት። ልጃቸው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለች። ከሳሽ በያዘው መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ ተከሳሽ የሚያገኘው ገጽ አለ። የእሷ ገጽ 2074 ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በባለቤትነት በመልቀቅ ከኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ከሮማውያን የመጣ ነው፤ የእነሱ ሕግ ጉዳት ያደረሰን እንስሳ ለተጎዳው ማስረከብን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያውቅ ነበር። ከሮም ተነሥቶ፣ በፓሪስ አልፎ፣ አዲስ አበባ ታውጆ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ እኔ ቤት ደረሰ።

ኦቦ እገሌ አንድ ቀን ማለዳ ኮማንደርን በገመድ ይዘው በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ሕጉ እንዲህ ካለ ምን እንከራከራለን፤ ካሳህን ተቀበል» አሉኝ፣ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው። ኮማንደር በቀኝ እጄ የያዝኩትን ጃንጥላ ያያል። እኔ ደግሞ ነገሩ እስከ የት እንደሚያደርስ ታየኝ። ከተቀበልኩ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ 2071 ላይ ያለው ባለቤት እኔ ነኝ። ኮማንደር ደግሞ ነገ የሚነክሰው ሰው አያጣም። አማቼ ከጓሮ ብቅ ብሎ «ጤናው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የቆምኩበትን ጣጣ ነገሬም አላለው።

ግን 2074 ጭራ አላት፤ ጭራዋን ወዳጄ አስምሮልኝ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ጥፋት ከሆነ፣ እንስሳውን አስረክቦ መገላገል የለም። የኦቦ እገሌ በር ማጠፊያ ከተሰበረ ቆይቶ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ ሽቦው ሲላላ ኮማንደር በአፍንጫው ገፍቶ ነው የሚወጣው። የሽቦው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ልጅቷም ዝም አላለች። ተጎጂው ራሱ ያጠፋው ጥፋት ካለ 2086 የባለቤቱን ኃላፊነት ይቀንሳል ብላ፣ «አጎታችሁ ውሻውን ትክ ብሎ አይቷል፤ ይህ መተንኮስ ነው» ስትል ሞገተች። ደጃፍ ላይ ቆመን ማየት ጥፋት ነው አይደለም ስንል ዝናብ መጣ። ጃንጥላዬን ልዘረጋ ስል ኮማንደር ገመዱን ወጠረ። ክርክሩ በዚያው ተቋረጠ።

ሌላ ምክር የሰጡኝም ነበሩ። አንዱ ዕቃ ገዝቶ የሚመለስ ሰው በሚያወራበት ቃና፣ «ሥጋ ላይ ትንሽ መርዝ» አለኝ። 2075 በእርግጥ በይዞታህ ገብቶ የሚጎዳህን የሰው እንስሳ ይዘህ ለካሳህ መያዣ እንድታደርገው ይፈቅዳል፤ ሌላ መከላከያ ሲጠፋም መግደልን አይከለክልም፤ ግን ለባለቤቱ ሳትዘገይ አሳውቅ ይላል። በጨለማ መንገድ ላይ መርዝ የሚጥል ሰው ማሳወቅ አይወድም። መርዙም የማንን ውሻ፣ የማንን ሕፃን እንደሚያገኝ አይመርጥም። ኮማንደርን መያዣ ማድረጉን ደግሞ የሚይዘው ሰው ካለ እሰየው!

ፍርድ ቤት አልሄድንም። በኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 240/2013 ከተቋቋሙ ወዲህ እንዲህ ያለውን የሰፈር ጉዳይ የሚያዩ ሽማግሎች በየቀበሌው አሉ። ወደዚያ ልንሄድ ተነሥተን ሳለ የሰፈሩ ጃርሶች (ሽማግሎች) ቀደሙን፤ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ቡና ቀላ ቀረበ። በቅቤ የተቆላ ቡና እያኘኩ ክፉ መናገር ከባድ ነው። በአፍ ያለው እስኪዋጥ ድረስ ቁጣው ይበርዳል።

እኔም ገንዘብ ከመጠየቄ በፊት በሩን ጠየቅኩ። ሰፈር ውስጥ ሕግ ጥሩ ውሻ ነው፤ መኖሩ ይታወቅ፣ ድምፁ ይሰማ እንጂ ሁልጊዜ አይለቀቅም። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ስለ አንቀጾቹ ሳልናገር ስለ ማጠፊያው ተናገርኩ። ኦቦ እገሌም ንግግሬ ንቀት እንደሌለበት ገባቸው። ተስማማን፦ በሩ በብረት ማጠፊያ ይሠራ፤ ኮማንደር ቀን ይታሰር፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ ይፈታ፤ በየዓመቱ እንስሳት ክሊኒክ ተከትቦ ወረቀቱ ይታይ፤ የሕክምናውና የሱሪው ዋጋ በደረሰኙ ልክ ይከፈል። ስምምነቱ ተጽፎ በሁለታችን ተፈረመ። የ1000 ብሯን ድንጋጤ አማቼ በራሱ ፈቃድ ተዋት፤ ደንግጬ ነበር ብሎ በሰው ፊት መፈረም አልቻለም።

10ኛው ቀን አለፈ፤ ኮማንደር በደህና ከረመ። ሰፈሩ ሁሉ የ2071ን ወሬ ሰምቶ ኖሮ በዚያ ሳምንት የመዶሻ ድምፅ ከየግቢው አልተለየም፤ የላላ ሽቦ ሁሉ ብረት ሆነ። ልጆቼም በፊት በር ይወጣሉ፤ ጎመኑም አገገመ። ሌሊት ሌሊት ግን ውሻ በየግቢው ስለተዘጋበት ጅቡ መንገዱን ለብቻው ይዞታል። ልከሰው መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። ባለቤቱን አምጣ ይላል።