በአክስቴ ምጣድ ላይ የቡና አቆላል ወጥነት፦ የመስክ ጥናት

የዛሬ ቡና እንደ ትናንቱ ሆኖ ሊቆላ ይችላልን? ጥያቄው የመጣልኝ ኮልፌ አክስቴ ቤት በረካዬን ጨርሼ ልነሣ ስል ነው። ቡናው ልክ እንደ ትናንቱ ነበር፤ የትናንቱም እንደ ትናንት በስቲያው። እንዲህ ያለ ወጥነት እስከዚያ ቀን ያየሁት «ነገ ይመለሱ» በሚል የቢሮ መልስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ምርምር ይገባዋል አልኩ።

የወጥ ቤት ሚዛን፣ ደቂቃ የሚቆጥር ስልክና ሙቀትን ከሩቅ የሚያነብ መሣሪያ ይዤ ተመለስኩ። አክስቴ መሣሪያውን ስታይ «ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» አለችኝ። ስለ ጥሬው መጠን ስጠይቃት «ለቤተሰብ ሁለት እፍኝ፣ ሰው ከመጣ ሦስት» አለች። ሚዛኑ የጀበና ማስቀመጫ ሆነ።

ከንድፈ ሐሳቡ ጥቂት እንበል። ጥሬ ቡና ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ ውኃ አለው። ሲቆላ በመጀመሪያ ቢጫ ይሆንና ሣር ሣር ማለቱን ትቶ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ፍሬው 200 ዲግሪ ግድም ሲደርስ የታመቀው እንፋሎት እየሰነጠቀው ይንጣጣል፤ ወደ 225 ሲጠጋ ቀጠን ባለ ድምፅ ዳግም ይንጣጣና ወዙ ይወጣል። በሁለቱ መንጣጣቶች መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ አክስቴ የሰፈሩን ዋና ወሬ የምታወራውም በዚያችው ጊዜ ነው። መሣሪያዬ አንዴ የምጣዱን፣ አንዴ የፍሬውን፣ አንዴ የድመቷን ሙቀት አነበበ። ድመቷ ጤነኛ ናት።

ዋናው ግኝት ግን የተገኘው ከረከቦቱ ነው። አክስቴ ምጣዱን ከከሰሉ ልታወርድ ስትል ስኒዎቹን በዓይኗ ትቃኛለች። ሰው አይቆጠርም ባይ ስለሆነች የምትቆጥረው ስኒ ነው። ምክንያቱ ሲጠና እንዲህ ሆነ፦ ቡና ከእሳት ቢወርድም በጋለ ብረት ላይ እስካለ ድረስ መቆላቱን አይተውም፤ የንግድ ቆይዎች እንዳወረዱት በአየር የሚያቀዘቅዙት ለዚህ ነው። አክስቴ ደግሞ ምጣዱን ይዛ ጭሱን ለእንግዳው ሁሉ ታዞራለች። እያንዳንዱ በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል፣ «ደስ ሲል!» ይላል፣ ይመርቃል። ስለዚህ እንግዳው ሦስት ከሆነ ዘግይታ፣ ዘጠኝ ከሆነ ቀድማ ታወርዳለች። ምርቃት የሚያስረዝሙት የጓሮ ጎረቤታችን ካሉማ ፍሬው ገና ገርጣ እንዳለ ነው የምታነሣው፤ «አሜን» እስኪባል ይደርሳል። በምርቃት ርዝመት የሚስተካከል የቡና መቁያ ማሽን እስካሁን ገበያ ላይ አላየሁም።

የቀረው የቀለሙ ነገር ነው። በቡናው ንግድ የተቆላን ቡና ጥቁረት በቁጥር የሚገልጽ አግትሮን የሚባል መለኪያ አለ። የአክስቴ መለኪያ ግን የፊት ለፊት ጎረቤታችን የእጅ ቦርሳ ነው፤ ቡናው ቦርሳውን ሲመስል «ደረሰ» ይባላል። አንባቢ እንዳይስቅ አደራ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1889 እስከ 2019 ድረስ የዓለም ኪሎግራም የሚባለው ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሴቭር፣ በመስታወት ክዳን ሥር የተቀመጠ አንድ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዛዘን በመቶ ዓመት ውስጥ 50 ማይክሮግራም ያህል ልዩነት ታየ፤ ነገር ግን ኪሎግራም ማለት ራሱ እሱ ስለሆነ፣ ቀለለ ብሎ መክሰስ በሕግ አይቻልም ነበር።

የእኛው ቦርሳ ግን ክዳን አልነበረውም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከባለቤቱ ጋር ልጃቸውን ሊጠይቁ ዱባይ ሄደ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ የቆላችው በትዝታ ነው።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ተመለሱ። ቦርሳውን ተቀብዬ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት፤ አክስቴም ከምጣዱ ትኩስ ፍሬ ዘግና አጠገቡ አፈሰሰች። አልተመሳሰሉም። ቡናው ጠቆር፣ ቦርሳው ፈካ ያለ ነው። በመለኪያ ሳይንስ መሠረት መለኪያ ስለማይሳሳት፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት ቡናዎች በሙሉ አርረዋል ማለት እንደሆነ በአክብሮት አስረዳሁ። ጎረቤታችን ዝም አሉ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ፍሬውንም ቦርሳውንም አየች፤ ቦርሳውን ወደ ብርሃን አዙራ ደግማ አየችው።

«ይሄ ቦርሳ ገና አልደረሰም» አለችና ቡናውን ሙቀጫ ውስጥ ጨመረችው።