ማሽላ ጠባቂው ቨርጂኒያ ገባ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ታኅሣሥ አጋማሽ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ባለፈው «በዚያ ብርድ ጫካ ለጫካ ምን ታደርጋለህ?» ብለውኝ ነበር። በስልክ ብናገረው እማማ ሰምታ ጠበል ታስይዘኛለች ብዬ ነው በደብዳቤ ያደረግሁት። ወፍ አያለሁ። መያዝ የለ፣ መብላት የለ፤ ማየት ብቻ።

ያስለመዱኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሩቅ ማያ መነጽር ካንገታቸው የማይለይ ጡረተኛ ሴትዮ። ሀንትሊ ሜዶውስ ወደሚባል ፓርክ ወሰዱኝ። ገና ከመኪናው ስንወርድ በእማማ ጋቢ ተጣላን። ነጭ ነገር ወፍ ያባርራል፣ አውልቅ አሉኝ። እኛስ ማሳው መሀል ነጭ ጨርቅ የምንሰቅለው ለዚሁ አይደል! ጋቢው ካፖርት ስር ገባ።

ጫካው ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን ቆሟል። ሴትዮዋ ቀጥ አሉና «ፕሽ፣ ፕሽ፣ ፕሽ» ይሉ ጀመር። እኔ ማማ ላይ ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮኽኩት ወፍ እንዲሄድ ነበር፤ እዚህ እንዲመጣ ይለመናል። ደግሞ መጡ! አናታቸው ጥቁር፣ ጭብጥ የማይሞሉ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ እኛኑ ይመረምሩ ጀመር። እጄ ወንጭፍ ፍለጋ ወደ ኪሴ መሄዱን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ።

ከጫካው ሲወጡ ረግረግ ነው፤ በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል። ውሃው ግማሹ በረዶ ሆኖ በተረፈው ላይ ዳክዬዎች ሰፍረዋል። አንደኛዋ መንቆሯ ቁርጥ ጭልፋ ነው። እሱን ውሃ ውስጥ ነክራ ትዞራለች፣ ባልንጀሮቿም ተከትለው ይዞራሉ፤ ውሃው ሲታወክ በመንቆሯ ዳር ባለው ማበጠሪያ አጥልላ ጥቃቅኑን ትለቅማለች። የዚህችው ዳክዬ ወገኖች በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው እኛም ሐይቆች ላይ ይወርዳሉ፤ ዝዋይ ሳይቀር። እኔ ዝዋይን የማውቀው በዓሣ ጥብሱ ነው።

ሴትዮዋ ያየነውን ወፍ ሁሉ የሚጽፉት ለቆጠራ ነው። ድሮ በፈረንጅ ገና ወጥቶ ብዙ ወፍ የገደለ ያሸንፍ ነበር። በ1900 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ በመግደል ፋንታ መቁጠርን አመጣ። ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ከታኅሣሥ 5 እስከ 27፣ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን ክብ እየተከፋፈሉ ያዩትንም የሰሙትንም ይመዘግባሉ። የእኛ ገና ሲደርስ መዝገቡ ተዘግቷል።

«እናንተ አገርስ?» አሉኝ። ግሪሳ ሰማዩን አጨልሞ ማሽላው ላይ ሲወርድ ነገርኳቸው። ስንት ይሆናል አሉ። እኛ አንቆጥርም፣ እንወነጭፋለን ብላቸው ዓይናቸው በራ። አሁን የትኬት ዋጋ እያጠያየቁ ነው። ማማው ሁለት ሰው ይችል እንደሆነ ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ሴትዮዋ ገዘፍ ያሉ ናቸው።

ልጅዎ