አልጌን በክብር ለመሸኘት

ሳሎንዎ ውስጥ አርባ ሊትር የምትይዝ አኳሪየም አስቀምጠው፣ ዓሣዎቹን ሊያዩ ጠጋ ቢሉ አረንጓዴ መጋረጃ ብቻ ከታየዎት፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። ዓሣ ሊያረቡ ተነስተው እርሻ ጀምረዋል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ ማዳበሪያ ሳይገዛ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መሃል አዝመራ ያነሳ ሰው መኩራት መብቱ ነው። የሚከተለው ምክር ኩራቱ ወጥቶለት፣ ዓሣዎቹ አሉ ወይስ የሉም የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ብቻ ነው።

አስቀድመው ይመርምሩ። የውሃው ጫፍ የደረሰበትን መስመር በጥፍርዎ ይዳስሱ። አረንጓዴና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ አልጌ ነው። ነጭና የሚሻክር ከሆነ ግን ከማንቆርቆሪያዎ የሚያውቁት የድሬ ኖራ ነው፤ ጋራዋ ሲሚንቶ ከሚወጣው ከተማ ሌላ ምን ይጠበቃል? ውሃውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ኖራውን በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ያብሱት። ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ።

አልጌው ግን በአቼቶ አይሄድም። ለበርጫ መጥቶ እንዳመሸ እንግዳ ነው፤ በቁጣ ቢፍቁት በማግሥቱ ወዳጆቹን ይዞ ይመለሳል። የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መብራትና ማዕድ።

ከመብራቱ እንጀምር። አኳሪየሙን መስኮት ሥር ያኖሩት አላፊ አግዳሚው እንዲያይልዎት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን የድሬን ፀሐይ ቀድማ የምታየው አልጌዋ ናት። ወደ ጥላው ግድግዳ ያዛውሩት። አምፖሉም በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃዋል። አልጌ ሲመቸው የት እንደሚደርስ ለማየት ከፈለጉ፣ ቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ያን ስም ያገኘው ስፒሩሊና የተባለ የአልጌ ወገን ውሃውን ስለሞላው ነው። እዚያ ግን ፍላሚንጎ እየመጣ ይመገበዋል፤ እርስዎ ፍላሚንጎ የለዎትም።

ማዕዱ ከባድ ነው፤ የድሬ ሰው ሲበሉ አይቶ በቃችሁ ማለት አይሆንለትም። ጎረቤቴ በመጣች ቁጥር፦ «አቦ፣ ይኼ ዓሣ ከሳ እኮ! ትንሽ ጣል አድርግለት» ትላለች። የዓሣ ሆድ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም። በሁለት ደቂቃ ያልጨረሰው ምግብ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፤ ይህም ገበሬ በኩንታል የሚገዛው ማዳበሪያ ነው። በቀን አንዴ ቆንጠር አድርገው ይስጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ዓሣው ይጹም። ዓሣ ሲጾም ማንም አያማውም።

በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ቀድተው ለአበባዎ ያጠጡ፣ በሌላ ይተኩ። ሙቀቱ ውሃውን ይወስዳል፣ ኖራውን ይተወዋል፤ የጎደለውን እየሞሉ ብቻ ከቀጠሉ ውሃው እየከበደ ይሄዳል። አዲሱን የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ከዋዜማው ክፍት ባልዲ ውስጥ ያሳድሩት። የማጣሪያውን ስፖንጅም ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ብቻ ይጭመቁት፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ይኖራሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም በዱቄት ሳሙና አጠብኩት። ውሃው እንደ መስተዋት ጠራ፤ በማግሥቱ ግን በዚያ ሳሎን በሕይወት የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መብራት ሲጠፋ «ለአልጌው ጨለመበት» ብለው አይደሰቱ፤ የአየር ፓምፑም አብሮ ይቆማል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ካዩ፣ ከዚያው ውሃ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት፤ ልክ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው።

በአገራችን ወንዞች ጋራ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ በአፉ ድንጋይ እየፋቀ አልጌ ይበላል፣ አንዱ ዝርያም በሳይንስ ስሙ ደምቢያን ይዞ ይጠራል። ድሬ በጋራ ብትከበብም ይህን ጋራ ፍለጋ ወደ ደቻቱ ወንዝ አይውረዱ፤ አብዛኛውን ዓመት የሚያጠምዱት አሸዋ ነው። ቢያገኙትም እሱም ይበላል፣ እሱም ይጥላል። ለመፋቂያ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃዎታል።

ከዚህ በኋላ ሦስት አራት ሳምንት ይታገሡ። አንድ ጠዋት መስተዋቱ ጠርቶ፣ ዓሣዎ ፊት ለፊት መጥቶ ያይዎታል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚለምን ይመስላል። በዚያው ደቂቃ በሩ ይንኳኳል፣ ጎረቤትዎም ይገባሉ። «አቦ...» ከማለታቸው በፊት የምግቡን ጣሳ ቁም ሣጥን ላይ ያውጡት።